በአንድ ሴሚስተር ውጤት ወደ ኮርኔል፦ የአንዲት ፍሬሽማን የትራንስፈር ጉዳይ

«ምን አጥፍታ ነው?»

ልጇ ኮሌጅ መቀየር እንደምትፈልግ ስነግራት እትዬ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ይህንን ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ወጥ ቤቷ ውስጥ ቆማለች። ከሆቴል ሥራ ገና መግባቷ ነው፤ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። ልጅቷ እናቷን ራሷ መንገር ፈርታ «ጋሼ፣ አንተ ንገርልኝ» ብላ ልካኛለች።

በእትዬ አልፈርድባትም። ዩኒቨርሲቲ የምታውቀው ከአገር ቤት ነው። እዚያ ትምህርት ሚኒስቴር ጎንደር ብሎ ከመደበህ ጎንደር ነህ፤ አርባ ምንጭ ካለህም አርባ ምንጭ። ልዛወር የሚል ሰው ሲሰማ ወይ ታሟል፣ ወይ ተጣልቷል ይባላል። አሜሪካ ውስጥ ግን ከኮሌጅ ኮሌጅ መዛወር የሰርክ ጉዳይ ነው። የሚከብደው ልጅቷ ያሰበችው ዓይነት ነው። የመጀመሪያ ዓመቷን ሳትጨርስ፣ ከአመልካቾቹ ጥቂቱን ብቻ ወደሚቀበል ኮሌጅ ልትሻገር ነው ያሰበችው።

የሚጠይቁኝ ወላጆች ስለበዙ ነገሩን ከነዝርዝሩ ልጻፈው። ልጅቷም እናቷም ፈቅደዋል። ስማቸውንና ልጅቷ የነበረችበትን ዩኒቨርሲቲ ግን እተወዋለሁ። ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ከየት ተነሳች

በ2023 ሃይስኩል ጨረሰች። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ትልቅ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ገባች። የግዛቱ ነዋሪ ስለሆነች ክፍያው ይቻላል፤ ትንሽ ስኮላርሺፕም አግኝታለች። የመጀመሪያው ሴሚስተር አምስት ኮርስ ነበር። አራት ኤ፣ አንድ ኤ ማይነስ፤ ጂፒኤ 3.94። ታዲያ ምን ጎደላት ያሰኛል።

ሰነዷ ላይ አንድ ጠባሳ አለ። አሥረኛ ክፍል ጂኦሜትሪ ሲ አምጥታለች። ዓመቱ የኮቪድ ነው። የምንኖርበት የሞንትጎመሪ ካውንቲ ትምህርት ቤቶች እስከ 2021 ማርች ድረስ ተማሪ ወደ ክፍል መመለስ አልጀመሩም ነበር። እሷ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ላፕቶፕ ከፍታ፣ ታናሽ ወንድሟን በሌላኛው ወንበር አስቀምጣ ታስተምራለች፣ ትማራለች። ያቺን ሲ ሁላችንም ረስተናት ነበር። የትራንስፈር ማመልከቻው ግን አልረሳትም።

ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው። ከፍሬሽማን ዓመት በኋላ ለሚመጣው መኸር የሚያመለክት ልጅ ፎርሙን የሚያስገባው ማርች ላይ ነው። በዚያን ጊዜ በእጁ ያለው ያለቀ የኮሌጅ ውጤት የአንድ ሴሚስተር ብቻ ነው። ስለዚህ መራጮቹ ወደ ሃይስኩል ትራንስክሪፕቱ ይመለሳሉ። «ኮሌጅ ጎበዝ ከሆንኩ የሃይስኩሉ ይረሳል» የሚባለው ለሁለት ዓመት ተማሪ ሊሠራ ይችላል። ለአንድ ሴሚስተር ተማሪ አይሠራም።

የት ይመልከት?

ዘመድ ሲሰበሰብ ምክር አይጠፋም። አንዱ አጎት ሃርቫርድ አለ። ሌላዋ ፕሪንስተን። ፕሪንስተን ከ1990 ጀምሮ ለዓመታት አንድም የትራንስፈር ተማሪ አይቀበልም ነበር። በሩን እንደገና የከፈተው በ2018 ነው። በዚያ ዓመት 1,429 ሰዎች አመልክተው ቦታ የተሰጣቸው 13 ናቸው። ቁጥሩን ስነግራቸው ጠረጴዛው ዙሪያ ዝም ተባለ። ሎስ አንጀለስ ያለ ዘመዳችን ደግሞ ደውሎ «ዩሲኤልኤ ትሞክር» አለ። የካሊፎርኒያ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ትራንስፈር የሚቀበሉት በዋናነት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ሁለት ዓመት የጨረሱትን ነው። አንድ ዓመት የተማረች የሜሪላንድ ልጅ እዚያ ቦታዋ አይደለም።

ልጅቷ ግን የራሷ ሐሳብ ነበራት፤ የመጣውም ከቤት ሥራ ነው። በፎል ሴሚስተር የጽሑፍ ኮርሷ ላይ ስለ ትራያንግል ፋብሪካ ቃጠሎ ጻፈች። በ1911 ኒውዮርክ ውስጥ አንድ የልብስ ፋብሪካ ተቃጥሎ 146 ሠራተኞች ሞተዋል፤ አብዛኞቹ ስደተኛ ሴቶችና ልጃገረዶች ናቸው። ማስረጃ ስትፈልግ ኢንተርኔት ላይ ያገኘችው ትልቁ ክምችት ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ያለው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ነው። ኪል ሴንተር የሚባል የሠራተኞች ታሪክ መዝገብ ቤት አላቸው። የዚያ መዝገብ ቤት ባለቤት ማን ነው ብላ ስትከተል አይኤልአር ላይ ደረሰች።

አይኤልአር በኮርኔል ውስጥ ካሉት ኮሌጆች አንዱ ነው። የተመሠረተው በ1945 ሲሆን፣ የሠራተኛና የአሠሪ ግንኙነትን ብቻውን ይዞ እንደ ሙሉ ትምህርት ያስተምራል። የሥራ ሕግ፣ የሠራተኛ ታሪክ፣ የኅብረት ድርድር፣ የሥራ ኢኮኖሚክስ። በፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት ዘመን የሠራተኛ ጉዳይ ሚኒስትር የነበረችው ፍራንሲስ ፐርኪንስ በመጨረሻ ዕድሜዋ እዚያ አስተምራለች። ያንን የ1911 ቃጠሎ በዓይኗ ያየችም ናት። ከሁሉ በላይ ግን አይኤልአር የትራንስፈር ተማሪ በደህና ቁጥር የሚቀበል ቦታ ነው። ይህ የዕድል ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ የትኛውን በር እንደምታንኳኳ የማወቅ ጉዳይም ነው። አንድ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አንዱ ኮሌጅ ጠባብ፣ ሌላው ሰፊ ሊሆን ይችላል።

አራት ቦታ አመለከተች። ሦስቱ ስማቸው ስላማራት የጨመረቻቸው ናቸው። እኔም አልከለከልኳትም፤ መከልከል ነበረብኝ። አንዱ ማመልከቻ የሚበላው ሰዓት ቀላል አይደለም።

ድርሰቱ

ከማመልከቻው ጋር የሚላከውን ድርሰት የመጀመሪያ ረቂቅ አሁንም ስልኬ ላይ አለኝ። ስሞታ ነው። ክፍሉ 280 ተማሪ ይይዛል፣ አስተማሪው ስሜን አያውቅም፣ ዶርሙ ይጮሃል። ሁሉም እውነት ነው። ግን ይህንን ያነበበ ሰው «እኛ ጋ ስትመጣስ ስለምን ታማርር ይሆን?» ብሎ ነው የሚያስበው። የድርሰቱ ጥያቄ ለምን መዛወር እንደፈለግሽና እዚያ ምን ልትሠሪ እንደሆነ ነው። ካለሽበት ስለመሸሽ አራት መስመር ይበቃል። የቀረው ስለምትሄጂበት መሆን አለበት።

ይህንን ስነግራት ተናደደች። ሁለት ቀን ስልክ አላነሳችም። በሦስተኛው ቀን መጣችና፣ ሳትቀመጥ፣ «ጋሼ፣ የቅሬታውን ነገር ልጽፍ ነው» አለችኝ።

የቅሬታው ነገር እንዲህ ነው። እትዬ የምትሠራበት ሆቴል ሠራተኞች የዋሽንግተን የሆቴል ሠራተኞች ማኅበር፣ የሎካል 25፣ አባል ናቸው። ሀውስኪፒንግ ክፍል ውስጥ የእኛ ሴቶች ብዙ ናቸው። ልጅቷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳለች አንድ ቅዳሜ እናቷን ተከትላ ስብሰባ ሄደች። አስተርጓሚው ቀርቶ ነበር። «አንቺ ልጅ፣ ነይማ» ተባለች። ስለ ግሪቫንስ እየተወራ ነው። እሷም በልጅ አማርኛዋ «ቅሬታ ያላችሁ» ብላ ተረጎመችው።

አንዲት ትልቅ ሴት ከኋላ ተነሱ። «ቅሬታማ ለእግዚአብሔርም አለኝ፤ የምፈርመው ወረቀት የቱ ነው?» አሉ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ልጅቷ ግን አልሳቀችም። እንግሊዝኛው ስሜት አይደለም የሚያወራው። ቀን የሚቆጠርለት፣ መልስ ካልተሰጠው ወደሚቀጥለው ደረጃ የሚወጣ፣ መጨረሻው ገላጋይ ዳኛ ፊት የሚደርስ አቤቱታ ነው። እሷ «ቅሬታ» ስትል ሴቶቹ እቤታቸው ይዘውት የሚሄዱት ነገር መሰላቸው። ድርሰቷ ያቺን አንድ ቃል ይዞ ተነሳ። ይህ ወረቀት እንዴት እንደሚሠራ መማር እፈልጋለሁ፤ እንዲህ የሚባለው ኮርስ፣ እንዲህ የሚባለው መዝገብ ቤት እናንተ ጋ ነው፤ አሁን ያለሁበት ቦታ ጥሩ ኢኮኖሚክስ አስተምሮኛል፤ ይህንን ግን እንደ ሙሉ ትምህርት አይሰጥም። አለቀ።

ስለ ጂኦሜትሪዋ ሲ የጻፈችው ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ እሱም ድርሰቱ ውስጥ ሳይሆን ለተጨማሪ ማብራሪያ በተተወው ቦታ ላይ። ምን እንደተፈጠረ፣ ከዚያ በኋላ በሒሳብ ምን እንዳመጣች፤ ስታቲስቲክስ ኤ። ለቅሶ የለም።

ወረቀቱ

እዚህ ላይ የሚያደክመው ክፍል አለ፤ ባጭሩ ልለፈው። ብዙ ኮሌጆች በጋራ በሚጠቀሙበት የኢንተርኔት ማመልከቻ፣ በትራንስፈር ኮመን አፕ ላይ እያንዳንዱን የኮሌጅ ኮርስ ከነክሬዲቱ ራስህ ታስገባለህ። የሃይስኩል ትራንስክሪፕት ለብቻ፣ የኮሌጁ ለብቻ ይላካል። ያለህበት ኮሌጅ በጥሩ ሁኔታ ላይ እንዳለህ፣ የዲሲፕሊን ችግር እንደሌለብህ የሚመሰክርበት ፎርም አለ። አሁን እየወሰድክ ባለው ኮርስ እስካሁን ስንት እንዳለህ አስተማሪዎችህ የሚሞሉትም አለ። የኋለኛው ነው መከራው። የእሷ ማስገቢያ ቀን ማርች 15 ነበር፤ የስፕሪንግ ብሬክ ሰሞን ነው። ሬጅስትራሩ ሄደሽ ዲኑን ጠይቂ ይላል፣ ዲኑ ቢሮ አድቫይዘርሽን ይላል፣ አድቫይዘሯ እረፍት ላይ ናት። ፎርሙ አራት ቀን በቦርሳዋ ዞረ።

የድጋፍ ደብዳቤው ይለያል፤ እሱ ላይ ልቁም። ኮሌጆቹ የሚፈልጉት ያስተማረህ ፕሮፌሰር እንዲጽፍ ነው። 280 ሰው ባለበት አዳራሽ የተቀመጠ ፍሬሽማን የትኛው ፕሮፌሰር ያውቀዋል? የሚያውቃት ረዳቱ ነው፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪው። ያዳናት ኦክቶበር ላይ ያደረገችው ነገር ነው፤ ያኔ ትራንስፈር አላሰበችም። ከኢኮኖሚክስ ፈተና በኋላ አንድ ጥያቄ ስለ ዝቅተኛ ደሞዝ አልገባኝም ብላ የፕሮፌሰሩ የቢሮ ሰዓት፣ ተማሪ በሚቀበልበት ሰዓት፣ ሄደች። ሌላ ተማሪ አልነበረም። አርባ ደቂቃ አወሩ። ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ መሄድ ጀመረች። ፌብሩዋሪ ላይ ደብዳቤ ስትጠይቀው ረዳቱን አስጠራው፤ ሁለቱ ተባብረው ጻፉ፣ ፕሮፌሰሩ ፈረመ። ሁለተኛው የመጣው 19 ተማሪ ካለበት የጽሑፍ ኮርስ፣ ያንን የቃጠሎ ጽሑፍ ካረመችው መምህርት ነው። ልጆቻችን የቢሮ ሰዓት የሚሄደው የሰነፈ ተማሪ ነው ብለው ያስባሉ። ከየት እንዳመጡት አላውቅም። ከእኛ ይሆናል።

ገንዘቡ

ኮርኔል በ2024 መኸር ለሚገባ ተማሪ ከነመኝታና ምግቡ በዓመት ከ90,000 ዶላር በላይ ያወጣ ነበር። አይኤልአር ከኒውዮርክ ግዛት ድጋፍ ስለሚያገኝ ለግዛቱ ነዋሪዎች ቅናሽ አለው፤ እኛ ግን ሜሪላንድ ነን። እትዬ ቁጥሩን ስታይ ስልኩን አጥፋው አለችኝ።

የተጻፈው ዋጋና የምትከፍለው አንድ አይደሉም። ግን ዕርዳታውን ለማግኘት ሁለት ፎርም አለ፦ የመንግሥቱ ፋፍሳና የግል ኮሌጆቹ ሲኤስኤስ ፕሮፋይል። ያ ዓመት ደግሞ ክፉ ዓመት ነበር። አዲሱ ፋፍሳ በኦክቶበር መከፈት ሲገባው በዲሴምበር መጨረሻ ተከፈተ። ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር የሌላቸው ወላጆች መጀመሪያ ላይ መግባት እንኳ አልቻሉም። መረጃው ለኮሌጆች መድረስ የጀመረው በማርች አጋማሽ ነው።

ሲኤስኤሱ ሌላ ጉድ አመጣ። አባቷ የት ነው? ወላጆች ከተለያዩ ብዙ ኮሌጆች የሁለቱንም ገቢ ይጠይቃሉ። አባቷ አገር ቤት ነው፤ ስድስት ዓመቷ ሳለ ጀምሮ ድምፁ የለም። የሌለ ሰው ፎርም አይሞላም። ለዚህ የአባት ፎርም እንዲቀር መጠየቂያ አለ፤ የቤተሰብ ያልሆነ፣ ሁኔታውን የሚያውቅ ሰው መመስከር አለበት። የሃይስኩል አማካሪዋ ሥራ ለቃለች። ማን ይመስክር?

ቀሲስ።

ማርች 10፣ የሁዳዴ ዋዜማ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ሄድን። ቀሲስ ወረቀት አወጡ፣ በእጃቸው፣ በአማርኛ ጻፉ። ልጅቷን ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደሚያውቋት፣ በእናቷ እጅ ብቻ እንዳደገች፣ አባቷን በደብሩ አንድ ቀን አይተውት እንደማያውቁ። አምስት መስመር ነው። ከዚያ ማኅተም አነሱ። ፊርማው ላይ መቱ፤ ቀኑም ላይ መቱ። «አንዱ አይበቃም አባ?» ስላቸው «ፈረንጅም ቢሆን ማኅተም ያከብራል» አሉኝ። እንግሊዝኛውን እኔ አዘጋጀሁ፣ እሳቸው እንደገና ፈረሙ፣ ሁለቱንም አንድ ላይ ላክን። ከሦስት ሳምንት በኋላ ጥያቄው ተፈቀደ።

ሜይ አጋማሽ ላይ፣ ፋሲካ ካለፈ በኋላ፣ መልስ መጣ። ሦስቱ አልተቀበሏትም። ኮርኔል ተቀበላት። ሥራ ላይ ነበርኩ፤ ስልኬን ስከፍት የድምፅ መልእክት አለ፣ ልጅቷ አታወራም፣ ከኋላ የእትዬ እልልታ ብቻ ይሰማል።

ደስታው ለዘጠኝ ቀን ነው የቆየው። የገንዘቡ ደብዳቤ ሲመጣ ቤተሰቡ በዓመት 21,000 ይክፈል ይላል። እንዴት? ፎርሙ የሚያየው የ2022 ግብር ነው። በ2022 እትዬ ሆቴሉ ላይ ኦቨርታይም ትሠራ ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ የአዛውንቶች መጦሪያ ቤት ነበረች። ሁለተኛው ሥራ ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ የለም። ወረቀቱ የሚያውቃት እንቅልፍ በሌላት ዓመት ነው።

ብዙ ቤተሰብ እዚህ ላይ ያቆማል። «አልተቻለም» ይባልና ደብዳቤው መሳቢያ ይገባል። ሆኖም ገቢ ከተቀየረ ኮሌጁ እንደገና እንዲያይ መጠየቅ ይቻላል። ልመና አይደለም፤ የታወቀ አሠራር ነው። ከመጦሪያ ቤቱ ሥራው ያለቀበትን ቀን የሚገልጽ ደብዳቤ፣ የመጨረሻውን የደሞዝ ወረቀት፣ የዚያን ዓመት የሆቴል ደሞዝ አያያዝን። ልጅቷ አንድ ገጽ ጻፈች፤ ቁጥር ብቻ። እስኪመለስ ድረስ መቀበሏን የምታረጋግጥበት ቀን ቀረበ፤ ደውላ አንድ ሳምንት እንዲጨምሩላት ጠየቀች፣ ጨመሩላት። የድሮው ዩኒቨርሲቲ የዶርም ውልም ቀኑ እየደረሰ ነበር። ያንን ሳምንት ማንም ቤት ውስጥ ጮክ ብሎ አላወራም።

አዲሱ ቁጥር 9,400 ሆነ፤ ብድሩና የግቢ ውስጥ ሥራዋ ተቀንሶ። እትዬ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝ። ከዚያ ለእቁብ ዳኛዋ ደወለች። ኦክቶበር ላይ የነበረው ዕጣዋ ከአንዲት ጓደኛዋ ጋር ተለዋውጦ ኦገስት ላይ ሆነላት።

ከዚያ ወዲህ

ከወሰደችው 31 ክሬዲት 27ቱን ተቀበሏት። የአንድ ክሬዲቱ የፍሬሽማን ሴሚናር አልተቆጠረላትም፤ አንድ ሌላ ኮርስም «እኛ ጋ አቻ የለውም» ተባለ። ሁለተኛ ዓመት ተማሪ ሆና ገባች፤ ግን የሠራተኛ ታሪኩንና የሥራ ሕጉን ከአንደኛ ዓመቶቹ ጋር ነው የጀመረችው።

ኦገስት ላይ ከእናቷ ጋር በኔ መኪና ወሰድናት። ስድስት ሰዓት ገደማ ነው መንገዱ። ኮርኔል ያለበት ከተማ፣ ኢታካ፣ ዳገት ነው፤ እትዬ «ይሄማ እንጦጦ ነው» አለች። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ወራት አልቀለሏትም። ሌሎቹ ጓደኛ የያዙት በፍሬሽማን ዓመት ነው። እሑድ እሑድ ትደውልና ስለ ምግብ ታወራለች፤ ስለ ምግብ ስታወራ ከፍቷት እንደሆነ እናውቃለን። የመጀመሪያው የሥራ ሕግ ፈተና ቢ ማይነስ ነበር። ለእናቷ አልነገረችም፤ ለእኔ ነገረችኝ። የገንዘቡም ጉዳይ አላለቀም፤ ፎርሙ በየዓመቱ እንደ አዲስ ይሞላል።

በታንክስጊቪንግ፣ በአሜሪካኖቹ የምስጋና በዓል፣ በኒውዮርክ በኩል አውቶቡስ ይዛ መጣች። ጾመ ነቢያት ገብቶ ስለነበር ተርኪው ቀርቶ ሽሮና ጎመን ተሠርቷል። ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ እትዬ ከመሳቢያ አንዲት ትንሽ ሰማያዊ መጽሐፍ አወጣች። የማኅበሩ ውል ነው፤ ጥጉ ተጣጥፏል። ለአንዲት የሥራ ባልደረባዋ ነው የምትጠይቀው።

«ይሄ አሥር ቀን የሚለው፣» አለች መነጽሯን እየፈለገች፣ «ቅዳሜና እሑድን ይቆጥራል?»

ልጅቷ ጃኬቷን እንደለበሰች ወንበር ሳበች። «ገጹን አሳዪኝ እስቲ» አለቻት።